ከፎጣው ሥር ያለው እጅ

ፊልቱ ግመል ተራ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፎጣ ይጥሉበትና በጣት ይነጋገራሉ። እኔም ከነገሌ እየተመላለስኩ ከሀጂ ኑር ጋር ስገበያይ የኖርኩት እንዲሁ ነው። የብር ቀለበታቸው ሁልጊዜ ይቆረቁረኝ ነበር።

አንድ ቀን «ናጋ» ብለን ሰላምታ ተለዋውጠን እጄን ገና እንደያዙ ደንገጥ ብለው ፎጣውን ገለጡት።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«የኔ ነዋ፣ ሀጂ!» ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። «ያንተን አውቀዋለሁ። ይሄ የወንድሜ እጅ ነው።»

ወንድማቸው ከሞተ ቆይቷል።

«የሱም እጅ እንዲህ ወፈረ፤ ጫማ አልበቃው አለ። ደላው ብለን ስንስቅ ልቡ ቀጥ አለች። ሐኪም ጋ ሂድ።»

አብራኝ የምታድረው ሚስቴ እንኳ ልብ አላለችም ነበር። የጋብቻ ቀለበቴን ወርቅ ሠሪ ቆርጦ ሲያወጣልኝ «ምቾት ነው» ብላ ስቃብኛለች።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሙ ከአንጎሌ ሥር፣ ፒቱታሪ በምትባለው ዕጢ ላይ እባጭ አገኘ፤ እጄን ያወፈረው እሱ ነበር። «ዝም ብለውት ቢሆን ዕድሜዎን ያሳጥረው ነበር» አለኝ። በአፍንጫዬ ገብተው አወጡልኝ።

ሲሻለኝ በቀጥታ ሀጂ ዘንድ ሄድኩና እጄን ከፎጣው ሥር አስገባሁ። ቀስ ብለው ዳበሱት።

«አሁን ያንተ ነው» አሉ። እጃቸውን ግን አልሳቡም።

«በል፣ አሁን ደግሞ የኔን ዳብስ።»

ዳበስኩ። ጣታቸው ወፍሮ መዳፌን ሞላው። የብር ቀለበታቸው የለም።