ለማያውቁን የወጣ ሙሾ

ትናንት የዶርማችን ልጆች ብርድ ልብስ አጥበው ኮሪደሩ መደገፊያ ብረት ላይ አስጥተው ነበር። ከመካከሉ አንዱ የመንዝ ባና ነው። የደብረ ብርሃን ፀሐይ ታበራለች እንጂ አታሞቅም፤ ባናው ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲያንጠባጥብ ዋለ። በአጠገቡ ሳልፍ የረጠበ የበግ ፀጉር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ቆምኩ። ያ ሽታ የጓደኛዬ ቤት ሽታ ነው።

አንኮበር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን የፊዚክስ መምህራችን ስለ አንድ መንኮራኩር ነገረን። ከፀሐይ ርቆ እየሄደ ነው፤ ምናልባት የሆነ ቦታ የሚሰማ ፍጥረት ካለ ብለው የሰውን ልጅ ሙዚቃ ጭነውበታል። “እናንተ ብትሆኑ ምን ትልኩ ነበር?” አለን። የሳይንስ ክበባችን አንድ ድምፅ መርጦ፣ በስልክ ቀድቶ፣ ደብረ ብርሃን በሚደረገው የትምህርት ቤቶች ትርኢት ላይ እንዲያቀርብ ተወሰነ።

አንዱ በገና አለ። ሌላው የሠርግ ዘፈን አለ። ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ጓደኛዬ እጇን አውጥታ “ሙሾ” አለች። ክፍሉ ሳቀ።

“ገና ሳንተዋወቅ ልናስለቅሳቸው?” አላት የክበቡ ሊቀመንበር።

“ሠርጉንማ ማንም ይገምተዋል። እንደምንሞት ካላወቁ ምኑን አወቁን?”

መምህራችን ጥቂት አያትና “እስቲ ቅዱና አምጡት” አለ።

እናቷ በአካባቢው የታወቁ አልቃሽ ነበሩ። እሳቸው ያልመጡበት ለቅሶ አይደምቅም ይባላል። የራሳቸው ቤት ግን ለቅሶ ሊቀመጥ ያልቻለ ቤት ነበር። የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ደላላ ተከትሎ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ከወጣ ሁለት ክረምት አልፏል። ስልኩ አይሠራም፤ መርዶም አልመጣም። አባትየው “ቁርጡን አውቀን እንቀመጥ” ሲሉ፣ እናትየው “መርዶ ሳይመጣ ልጄን ማን ነው የሚቀብረው?” ይላሉ። ጓደኛዬም በየእሑዱ የወንድሟን ቁጥር ትደውላለች። እናቷ እስካላለቀሱለት ድረስ ወንድሟ አለ፤ እንዲያ ነበር የምታምነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሄድን። ከቆላው የሚወጣው ንፋስ ቀረጻውን እንዳያበላሽብን ጓደኛዬ ደጅ ካፊያ ያረጠበውን ባና አምጥታ በሩ ላይ ሰቀለችው። ቤቱ ጨለመ። በባናው ጠርዝ የገባች ቀጭን ብርሃን ብቻ መሬቱ ላይ ተጋደመች።

“ማን ሞተና?” አሉ እናቷ።

“ማንም አልሞተም፣ እማ። ለትምህርት ቤት ነው።”

“ሬሳ በሌለበት ሙሾ? ሟርት ነው እሱ።”

እኔም ነገሩ እንዲገባቸው ብዬ የመምህሩን ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገምኩላቸው። “ሩቅ ሰማይ ላይ ያሉ፣ የማናውቃቸው ቢሰሙን ነው፣ እትዬ።”

“ለቅሶ ብድር ነው፣ ልጄ። እኔ ላልቅስላቸው፤ እነሱ መጥተው ይቀብሩኛል?”

ሳቅን። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ጓደኛዬ ይህን አይታ “በቃ የጎረቤታችንን የሽማግሌውን ድገሚልን። እሳቸው እንደሆኑ ሞተዋል፤ ተቀብረዋል” አለቻቸው። ይሄ ሟርት አይሆንም። እናቷ ትንሽ አሰቡና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ።

ስለ ሽማግሌው ገብስ አወጡ፤ ስለ በሬዎቻቸው አወጡ። ድምፃቸው ከደረት ተነሥቶ ጣሪያው ሥር ይቆይና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ለእንግዳ የማይዘጋው የሽማግሌው በር ላይ ሲደርሱ ግን ዜማው ተሰበረ። ሲቀጥሉ የሚያወጡት ስለ ሌላ በር ነበር፦

*ልጄ ይመጣል ስል፣ በሬ ክፍቱን ቀረ፣*
*ንፋስ ብቻ ገብቶ፣ አቅፎኝ እያደረ።*

ከዚያ የልጃቸውን ስም ጠሩ።

ስልኩ ጓደኛዬ እጅ ላይ ነበር። “እማ፣ ለሱ ነው?” አለች።

እናቷ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

“ሞቷል ብለሽ ነው?”

“አጥፊው። እሱን ነገር አጥፊው። አላልኩም።”

“ብለሻል፣ እማ።”

እዚያው ፊታቸው ላይ ቀረጻውን አጠፋችው። ማጥፋቷንም አሳየቻቸው። አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ከስልክ የጠፋ ነገር ተመልሶ ይገኛል ሲሉ እሰማለሁ። ያኔ አናውቅም ነበር። ብናውቅም የምንመልሰው አይመስለኝም።

ወደ ደብረ ብርሃን የወሰድነው የሠርግ ዘፈን ሆነ። አዳራሹ አብሮን አጨበጨበ። ጓደኛዬ አልመጣችም። ብዙም ሳይቆይ እናቷ ራሳቸው አባትየውን “እንቀመጥ” አሏቸው፤ ሬሳ የሌለበት ድንኳን ተተከለ።

ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ጓደኛዬን ከድንኳኑ ውጪ፣ የድንጋዩ ካብ ሥር አገኘኋት። ጥቁር አልለበሰችም፤ የትምህርት ቤት ሹራቧን እንደ ለበሰች ነበረች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አክስቷ ከድንኳኑ ወጥተው “ሰው ምን ይላል? ተነሺና ወንድምሽን አልቅሺ” አሏት።

“እኔ አላለቅስም፣ እቴቴ።”

“አሁንስ አበዛሽው! እናትሽ ተቀምጣ?”

“ሁሉም ካለቀሰ ማን ይጠብቀዋል?” አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

አክስትየው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። የድንኳኑ ሸራ ስስ ነው፤ ውስጥ ተሰምቷል። ጥቂት ቆይቶ እናቷ ወጡ። የሚቆጧት መስሎኝ ልነሣ ስል በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ። ልጃቸው ጎን፣ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። አላቀፏትም። ሁለቱም ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ ማየት ጀመሩ። ጉም ሞልቶት ስለነበር መንገዱ ጥቂት ሄዶ ይጠፋል።

ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ሙሾ የሚያወጡላቸውን እናቷን ይጠብቁ ነበር።