ኪስ የገባ ሶኬት
መደርደሪያ ሊሰቅል የመጣው ሰውዬ፣ የመብሻውን ጫፍ፣ ፑንታውን፣ በቀየረ ቁጥር የድሪሉን ሶኬት ከግድግዳው ይነቅልና የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከትቶ ይቆልፍበታል። የቤቱ እመቤት “የምሰርቀው መሰለው እንዴ?” እያለች በሆዷ ትስቃለች። የጋብቻ ቀለበቱንም በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል።

ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ኪሱን መቆለፍ ረሳና ሶኬቱ ወደቀ። ልታግዘው ብላ አንስታ ወደ ግድግዳው ዘረጋችው።

“ተዪው፣ እህቴ።”

አልጮኸም፤ ፊቱ ግን ዐመድ መስሏል። የግራ እጁ ጣቶች ገና ፑንታውን እንደያዙ ናቸው። የቀለበት ጣቱ የለም።

“ላግዝዎት ብዬ እኮ ነው” አለች፣ እጇ አየር ላይ እንደቀረ።

“ባለቤቴም ላግዝህ ብላ ነው የሰካችው።” ሶኬቱን ከእጇ ወስዶ ኪሱ ውስጥ ቆለፈበት። “ይኸው እስከ ዛሬ ሶኬት አትነካም። ሬዲዮኗን እንኳ የምሰካላት እኔ ነኝ።”