በመንገዱ በር ሥር የተቀመጠው ሳፋ

የደኑ ጠባቂ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ማለዳ ወደ መኪና መንገድ የሚያወጣውን የሽቦ በር ይከፍታሉ፤ አጥሩን ተከትለው ይዞራሉ፤ ሲመሽ ቆልፈው ከልጃቸው ጋር ወደሚኖሩባት ቤት ይገባሉ።

ደኑ በመኪና መንገድና በብሎኬት ማምረቻ መካከል የተረፈ ቁራጭ ነው። ዝናብ በሚጠፋበት ወራት ዛፎቹ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፤ ጥላ የሚሰጠው እርስ በርሱ የተጠላለፈው ሐረግ ብቻ ይሆናል። በዚያ ጥላ ሥር ከወፎችና ከጦጣዎች ሌላ የቀሩት ሁለት ሚዳቋዎች ነበሩ፤ እናትና ግልገል።

አምና የደኑ ምንጭ ሲደርቅ ጠባቂው አንጀታቸው አልችል አለ። ከቤት ሳፋ አምጥተው የቧንቧው ጎማ በሚደርስበት፣ በመንገዱ በር ሥር አስቀመጡ። ውኃ ሲሞሉ ያፏጫሉ። ሚዳቋዎቹም መጀመሪያ ሰርቀው፣ ኋላ ግን ከእግራቸው ሥር ቆመው ይጠጡ ጀመር።

ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው ትስቅባቸው ነበር። «አባዬ፣ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አፏጭተህልኝ ታውቃለህ?»

«አንቺማ ምሳ ከቀረበ ሳትጠሪ ከተፍ ነሽ።»

በዚህ ሳምንት ሰኞ ማለዳ፣ በሩን ከፍተው ቧንቧውን ሊለቁ ዞር እንዳሉ፣ ከመንገዱ ማዶ የአውቶቡስ ረዳት ለተሳፋሪ አፏጨ። እናቲቱ ሚዳቋ በተከፈተው በር ወደ ፉጨቱ ሮጠች። በመንገዱ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ፍሬን ለመያዝ ሳይደርስ ገጭቶ ገደላት።

ረዳቱ መንገዱን አቋርጦ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ሙት! እኔ ሰው ነው የጠራሁት።»

«አንተ ምን በወጣህ፣ ልጄ» አሉት። «ፉጨት ያስለመድኳት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ረጅም ጎማ ተውሰው ሳፋውን ወደ ደኑ መሃል ወሰዱት። ግልገሏ ጠጥታ ስታበቃ ግን ተከትላቸው እስከ በሩ መጣች። ሲሄዱ ትሄዳለች፤ ሲቆሙ ትቆማለች። ማፏጨቱን ቢተዉም ኮቴያቸውን ለይታለች።

«እንግዲህ ጓል ወርውርባት፤ ትፍራህ» አለች ልጃቸው።

ረቡዕ ጓል አነሡ። ግልገሏ የሚበላ መስሏት አንገቷን ዘረጋች። ጓሉ እጃቸው ውስጥ ፈረሰ።

ዓርብ ዕለት ለደኑ ኃላፊ ቁልፉን መለሱ። ከከተማው ሌላ ጫፍ ባለው የችግኝ ጣቢያ እንዲመደቡ ጠየቁ፤ በምትካቸውም የማያፏጭ ሰው እንዲፈለግ አደራ አሉ።

«ሳታያት ልትከርም ነው?» አለች ልጃቸው ማታ።

«እሷ በሕይወት ትክረም እንጂ» አሉ፤ ከእንግዲህ በደኑ መንገድ ላለማለፍ ቆርጠዋል።