ምራቴና የተንቀራፈፈው ዋይፋይ

ምራቴ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። ፀጉሯን በካቻቢቴ ትቋጥራለች፤ «ይመስለኛል» የሚባል ቃል አትወድም። ሠላሳ ዓመት ኤሌክትሪክ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁት እኔ ግን ሥራዋን ቁልፍ መጫን ብቻ አድርጌ ነበር የማየው። ግልፍተኛ ነህ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ባለቤቴ ከቤት ሆና በላፕቶፕ ጥልፍ ታስተምራለች። ሰሞኑን ምስሉ እየቆመ አስቸገራት። አሠሪዋ ደውላ፣ «ነገ ከሰዓት ክፍሉን ራሴ ገብቼ አየዋለሁ፤ እንዲህ ከቀጠለ ለሌላ መምህር እሰጠዋለሁ» አለቻት። ባለቤቴ ምሳዋን ሳትነካ ተነሣች። ደሜ ፈላ። ዋይፋዩን የሚከለክለው ግድግዳው ነው ብዬ ቁም ሣጥን ገፋሁ፤ ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ራውተር ከሳሎን ነቅዬ ኮሪደሩ ላይ ሰቀልኩት። ወገቤን ያዘኝ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም።

በማግስቱ ጠዋት ምራቴ መጣች።

«አባባ፣ መጀመሪያ እንለካ።»

«ምኑን ነው የምትለኪው? ግድግዳው ነው አልኩሽ እኮ!»

«ግድግዳው ከሆነ የኔም ስልክ ይንቀራፈፋላ!» ብላ ስልኳን ከላፕቶፑ ጎን አስቀመጠች። ስልኩ ይከንፋል፤ ላፕቶፑ ይጎተታል። ቀጥላ ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኘችው። ከነፈ! «መስመሩ ጤነኛ ነው። ችግሩ የላፕቶፑ ዋይፋይ ላይ ነው» አለች። ወይ ጉድ!

«ላፕቶፑ የሚሠራበትን ሊኑክስ በቅርቡ አፕዴት ያደረገው ሰው አለ?»

ከሦስት ሳምንት በፊት ላፕቶፑ «አዲስ አፕዴት አለ» ሲለኝ፣ ማሽን እንክብካቤ ይፈልጋል ብዬ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ደግ አደረጉ፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አለችኝ እየሳቀች። ላፕቶፑን እዚያው ውስጥ ተቀምጦ በቆየው በድሮው ሊኑክስ አስነሣችው፤ ፈጠነ። በአዲሱ አስነሣችው፤ ተንቀራፈፈ። እርግጠኛ ለመሆን ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ዋይፋዩን የሚያዘው፣ ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም፣ አዲሱ ላይ ስህተት አለበት። በድሮው እንዲሠራ አድርጋ የለካችውን ቁጥር ሁሉ ለሊኑክስ ሠሪዎች ጻፈችላቸው። በሙያዋ ኮራሁባት፤ ፊት ለፊትም ነገርኳት።

ከሰዓት ባለቤቴ መርፌዋን ወደ ካሜራው አስጠጋች። አሠሪዋም ገብታለች።

«እጄ ይታያችኋል?»

አንዷ ተማሪ፣ «መምህርት፣ መርፌው ገና ዛሬ ታየን» አለች።

«ገና ዛሬ? እየቆመም ቢሆን ይታያል ስትሉኝ አልነበር እንዴ?»

«እንዳይከፋዎት ብለን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፅዎን ብቻ ነው ስንሰማ የከረምነው።»

የባለቤቴ ዓይን እንባ ሞላ። አሠሪዋ፣ «ክፍሉ የእርስዎ ነው፤ ይቀጥሉ» አለቻት።

ባለቤቴ ሦስት ሳምንት የጠለፈችውን አበባ መተርተር ጀመረች። ክሩን ጨርሳ ስታወጣ ጨርቁን በመዳፏ አቃናችው።

«በሉ ልጆቼ፣ ከመጀመሪያው ስፌት እንጀምር» አለች።