እጅሽን ከአፍሽ ላይ አንሺ

ታናሽ እህቴ ጆሮዋ አይሰማም፤ ሰው የሚለውን የምታውቀው ከንፈሩን አይታ ነው። አብረን በምንሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ሴቶቹ ምሳ ላይ ሲቀልዱ፣ እሷ እንዳታይ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ግራ ሲገባት ደግሞ በእሷ ይስቃሉ። እኔም ተናግሬ ተናግሬ ሲደክመኝ ተውኩት። እሷም ከጨርቁ ክምር ጀርባ ብቻዋን መብላት ጀመረች።

ትናንት ልብስ የሚተኩሱት እትዬ እጇን ይዘው መካከላችን አስቀመጧት። አንዷ ቀልድ ጀምራ አፏን ስትሸፍን፣ "ምነው፣ ጥርስሽ ወለቀ እንዴ? በይ እጅሽን አንሺና ለልጄ ከመጀመሪያው ንገሪልኝ!" አሏት።

ሴትዮዋ እያፈረች ደገመችው። ሁላችንም እህቴን እያየን ጠበቅን። ሲገባት በሳቅ ፈነዳች።

ዛሬ ምሳዋን ይዛ ሴቶቹ መካከል ቀድማኝ ተቀምጣለች።