ለቀድሞ አማቴ የሸክላ መርፌ ስመርጥ

ውድ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ የለውም። ርካሹ ከነመርፌው ይመጣል። ውዱን የሚገዛ ሰው ግን የሚወደውን መርጦ ይገጥማል ተብሎ ስለሚታሰብ ባዶውን ይላካል። እኔና የቀድሞ ባለቤቴ ይህን አናውቅም ነበር። ያወቅነው አባቱ ጡረታ በወጡበት ቀን፣ ሰበታ ግቢያቸው ውስጥ፣ ዘመድ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት ነው።

ለስጦታ የገዛንላቸው ዕቃ ለሁለት ሰው ሸክም ነበር። ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ ከባዱ ሳህን ኮሽታ ሳያሰማ መዞር ጀመረ፣ ከአማቴ ከአባባ አሮጌ ሸክላዎች አንዱ ተደረገበት፣ ሰው ሁሉ ጠጋ አለ። ባለቤቴ የማጫወቻውን ክንድ አንስቶ ሲያወርደው ጫፉ ላይ አራት ፀጉር የሚያካክሉ ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል፤ ሌላ ምንም የለም። አንድ አጎቱ "ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይቺ ናት" ሲሉ ግቢው በሳቅ አለቀ። የባለቤቴ ፊት ጠቆረ። እኔ ነገሩን ለማብረድ "ካርትሪጁን እኔ አመጣለሁ" አልኩ። ካርትሪጅ የሚባለው መርፌዋን የሚይዝ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ሳጥን ነው። ስሙንም ያወቅሁት ያኔውኑ ከመመሪያው ላይ አንብቤ ነው።

ካርትሪጁ ሳይመጣ ትዳራችን ፈረሰ። እንዴት እንደፈረሰ አልተርክም፤ ሆድ ይፍጀው። የሚገርመኝ ሌላ ነው። በፍቺ ጊዜ ለሶፋና ለፍሪጅ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ለሰው ግን አይቀመጥም። አባባ ለማን ይድረሱ ብሎ የጠየቀ የለም። የወለደኝን አባት አላውቀውም፤ ሳልወለድ ነው የሞተው። ከባለቤቴ ጋር በኖርኩባቸው ዓመታት በሙሉ "አባባ" ብዬ የጠራሁት እኚህን ሰው ብቻ ነው። ባለቤቴ ገላን ሌላ ቤት፣ ሌላ ትዳር መሠረተ። አባቱ ግን አባቱ እንደሆኑ ቀሩ። እኔ ቡራዩ አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ ለአባባ ምን እንደሆንኩ የሚነግረኝ ቃልም አጣሁ።

እሁድን መፍራት የጀመርኩት ያኔ ነው። በሥራ ቀን ቢሮ አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ የሚጋፋኝ ሰው እንኳ አለ። እሁድ ቅዳሴ ወጥቼ፣ ሽሮዬን ሠርቼ፣ ሳህኔን አጥቤ ሰዓቴን ሳይ ገና ስድስት ሰዓት ነው። አከራዬ በበሬ ባለፉ ቁጥር ከሰው ጋር እንደሆንኩ ለማየት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ማንም የለም እትዬ፣ ይግቡና ይፈትሹ ለማለት ምላሴን ይበላኝ ነበር። ብቸኝነት ነበር፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ከዕለታት አንድ እሁድ የገባሁት ቃል ትዝ አለኝ። ቃል ዕዳ ነው ብዬ ተነሣሁ።

ካርትሪጅ የሚያውቅ ሰው ስጠይቅ ስጠይቅ ሱሉልታ ደረስኩ። ያገኘኋቸው ሰው መሐል ከተማ ሱቅ የነበራቸው የሬዲዮና የሸክላ ማጫወቻ ጠጋኝ ናቸው። ሰፈራቸው ሲፈርስ ዕቃቸውን ጠቅልለው እዚያ ብርድ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ቆርቆሮ ቤት ከፍተዋል። ገና ከበሩ "ኮቱ፣ ሴኒ፣ ግቢ፣ በሩን ዝጊው፣ ንፋሱ ሊገድለን ነው" አሉኝ። ጉዳዬን ስነግራቸው ከመሳቢያ አራት ጥቃቅን ሳጥኖች አውጥተው ደረደሩ።

"የቱ ይሻላል ኦቦ?" አልኳቸው።

"ለማን? ካርትሪጅ እንደ መነጽር ነው፤ የኔ ላንቺ አይሆንም። አንዱን ውሰጂና አስሚያቸው። የሚሉትን መጥተሽ ንገሪኝ። ካልተስማማቸው ሌላ እሰጥሻለሁ። ጋሪዳ?"

"ጋሪዳ" አልኩ። መስማማት ቀላል ነው። መንገዱ ነው እንጂ ከባዱ። ከቡራዩ ሱሉልታ በከተማ ዞሮ ሽቅብ ነው፤ ከቡራዩ ሰበታ ደግሞ በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና፣ በዓለም ገና ሦስት ታክሲ ነው። ቅዳሜ አንዱን፣ እሁድ ሌላውን እያልኩ አዲስ አበባን እንደ መቀነት ዞርኳት። ረዳቶቹ ለመዱኝ። አንዱማ ሳጥኗን በሁለት እጄ ይዤ ሲያየኝ "እናቴ፣ ቀለበት ነው እንዴ?" ብሎ ቀልዶብኛል።

የመጀመሪያውን የወሰድኩ ዕለት አባባ በሩን የከፈቱልኝን አልረሳም። መጀመሪያ ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ሳጥኗን አዩ፣ ከዚያ "ግቢ ልጄ" አሉ። ልጄ አሉኝ።

ካርትሪጅ መግጠም ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለቱ ብሎኖች የምስር ፍሬ አያህሉም፤ ከወደቁ ምንጣፉ ላይ መዳህ ነው። አራቱ ሽቦዎች በየቀለማቸው ይሰካሉ። ከዚያ ክንዱ ሸክላው ላይ ምን ያህል እንደሚጫን በትንሽ ሚዛን ይለካል፤ ከከበደ ያርሰዋል፣ ከቀለለ ይዘላል። አባባ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰበታ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን መካኒክ ነበሩ። እኔ ብሎን ሳጠብቅ እሳቸው ባትሪ እያበሩልኝ "ትንሽ ወደ ግራ፣ አዎ፣ እዚያ ላይ ተይው" ይላሉ። ሁለታችንም አንዲት ጥፍር የምታህል ነገር ላይ ጎንበስ ብለን ግንባራችን ሊነካካ ይደርሳል። ቀኑ እንዲህ ያልቃል።

ከዚያ መስማት ነው። ድምፁ ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል የሚደርሰው መሐል ላይ ባለች አንዲት ወንበር ስለሆነ እሷ የአባባ ነች። እኔን ሁልጊዜ "እዚህ ነይ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጪ" ይሉኝ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው የወንበሩን እጀታ እየመቱ ይሰማሉ። ሲያልቅ ፍርድ ይሰጣሉ።

ለመጀመሪያው "ከብዷል" አሉ። ሱሉልታ ሄጄ ተናገርኩ። ለሁለተኛው "ስስ ነው፣ ሥጋ የለውም" አሉ። ይህንንም ተናገርኩ። ሦስተኛው የብቻው ማጉያ የሚፈልግ ዓይነት ነበር፤ ማጉያውን በፌስታል ተሸክሜ አመጣሁ። ለሱ "ሴትዮዋ ራቀች" አሉ፤ ዘፋኟን ማለታቸው ነው። ጠጋኙ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አጣጥፈው ብዙ አሰቡ። "እኚህ ሰው ጆሮ አላቸው" አሉ በመጨረሻ። "ራቀች የሚል ሰው ካገኘሁ ስንት ዓመቴ።" የአባባን ጆሮ ሲያደንቁልኝ የራሴ አባት የተደነቀ ያህል ኮራሁ።

ሐቁን ልናገር። ሁለተኛው ግሩም ነበር። ስስም አልነበረም። ዘፋኟ ትንፋሽ ስትወስድ እንኳ ይሰማ ነበር። ለእኔ ያ በቂ ነበር፤ ግን አላልኩም። "እንግዲያው ሌላ እንሞክር" አልኩና ሳጥኑን ዘጋሁ።

አራተኛውን የገጠምን እሁድ ክረምቱ ገብቶ ነበር። ካርትሪጅ ሲቀየር ስፒከሩ እንዳይጮህ ድምፁ እስከ ታች ዝቅ ይደረጋል። ዝቅ አደረግሁ፣ ገጠምን፣ መዘንን፣ መርፌዋን አወረድኩ። የድምፁን ቁልፍ ልመልስ እጄን ስዘረጋ ቤቱን የሚይዙላቸው ሴትዮ ከውጭ "ዝናቡ መጣ፣ ልብሱን አግዢኝ" ብለው ጮኹ። ሮጥኩ። አንሶላና ሸሚዝ ታቅፈን ስንመለስ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው እጀታውን ይመታሉ። ሙዚቃው በዝናቡ የተዋጠ መሰለኝና ልብሱን አስቀምጬ ጠጋ አልኩ።

ዝናቡ ሲያባራም ቤቱ ዝም እንዳለ ነው። ጆሮዬን ወደ ሸክላው ዝቅ ሳደርግ ከመርፌዋ ከራሷ የምትወጣ፣ እንደ ትንኝ የቀጠነች ዘፈን ሰማሁ። ቁልፉን አየሁ። ዜሮ ላይ ነው።

አባባ ዓይናቸውን ገለጡ። "ይሄ ይሻላል" አሉ። "ሴትዮዋ ግን አሁንም ራቅ ብላለች። የሚቀጥለው እሁድ ሌላ ብትሞክሪ።"

ቁጣ ነው የቀደመኝ። ያ ሁሉ ታክሲ፣ ያ ሁሉ ዳገት፣ ሱሉልታ ቆሜ የሳቸውን ቃል እንደ ዶክተር ወረቀት ያነበብኩት። ከፊታቸው ቆምኩና "አባባ፣ ድምፁን አልከፈትኩትም" አልኩ። አፌን ያያሉ። "አልከፈትኩትም!" ብዬ ደገምኩ። የጮኽኩባቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ተነሡና ክንዱን በጥንቃቄ አንስተው ቦታው መለሱት። ተመልሰው ተቀመጡ።

"የፋብሪካው ማሽኖች ናቸው" አሉ። "ጡረታ ከመውጣቴም በፊት ነው። ዘፈን ለኔ አሁን ጩኸት ነው፤ እሱም ሲከፈት። አንቺ ፊት ለፊቴ ስትሆኚ አፍሽን አያለሁ።"

"ታዲያ አንቱ ለምን አይነግሩኝም? መጀመሪያውኑ በቃኝ አይሉም?"

"መርፌው ተመርጦ ካለቀ በምን ሰበብ ትመጪያለሽ?" አሉ። "የልጄ ሚስት አይደለሽ።"

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ማልቀስ ፈለግሁ፣ አላለቀስኩም። "እንዲሁ እመጣለሁ" አልኩ። "ያለ ምንም ሰበብ፣ እንዲሁ።" ለሕፃን "እሺ" እንደሚባለው "እሺ" አሉኝ። አራተኛውን ካርትሪጅ ክንዱ ላይ ትቼው ወጣሁ።

በሳምንቱ እሁድ ለበስኩ፣ ወጣሁ፣ አየር ጤና ድረስ ሄድኩ። የሰበታው ታክሲ ሲሞላ ቆሜ እጄን አየሁት፤ ባዶ ነው። ሁልጊዜ የምታየኝ የአባባ ጎረቤት ከበር ላይ "አካም ቡልተ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይዘሽ መጣሽ?" ስትለኝ ምን እላለሁ? ከአባባ ፊት ተቀምጬስ ምን እንሠራለን? እንዲሁ መሄድ የሚችለው ልጅ ነው፣ ወይም እህት። ታክሲው ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። ወደ ቡራዩ ተመለስኩ። በቀጣዩ እሁድ ንጹሕ ልብስ አወጣሁና እንደገና አጠብኩ። ከዚያ በኋላ ያለው እሁድ ምን እንዳደረግሁበት ትዝ አይለኝም። ፈሪ ነበርኩ። እሳቸው የፈሩት ነገር በኔ እጅ ሲፈጸም እያየሁ ዝም አልኩ።

አንድ ሐሙስ ቢሮ ሳለሁ ቤቱን የሚይዙላቸው ሴትዮ ደወሉ። "መርፌው ተሰብሯል፣ ንገሪያት ብለውኛል" አሉ።

"ማን ነካው?"

"በስመ አብ፣ እኔ አልደረስኩበትም። እሳቸው ናቸው ጠዋት ሲነካኩት የነበሩት።"

እሁድ እስኪደርስ ጠበቅሁና ሄድኩ። ጎረቤቷ ምን ይዘሽ መጣሽ ስትለኝ "መርፌው ተሰብሮ ነው" አልኳት፤ ቃሉ ከአፌ በቀላሉ ወጣ። አባባ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ክንዱን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። መርፌዋን የሚይዘው ቀጭን ዘንግ ከሥሩ ታጥፏል፣ ጎኑ ላይ የጉጠት ጥርስ ምልክት አለ። ዕድሜ ልካቸውን በሺህ የሚቆጠር ክር ሳይበጥሱ ማሽን የፈቱ ሰው ናቸው። አንድም ሸክላቸው ላይ ጭረት አይገኝም።

ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

"እጄ ተንቀጠቀጠብኝ" አሉ፣ አፌን እያዩ። ሁለቱ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ናቸው፤ አንዳቸውም አይንቀጠቀጥም።

"ምንም አይደል አባባ" አልኩ፤ ቃሉን ሁሉ ቀስ ብዬ፣ አፌን ገልጬ። "ቅዳሜ ሱሉልታ እሄዳለሁ። ብቻ ደህና ለማግኘት ብዙ መሞከር ሊኖርብን ነው። ጊዜ ይወስድብናል።"

"ይውሰድ" አሉ። "አትቸኩዪ።"