አዲሱን ጌም ያልቻለው ሻምፒዮን

ዓረብ አገር፣ ዑድ የሚባል ሰፈር ውስጥ አምስት ሆነን በተከራየናት ክፍል፣ የሬስሊንግ ጌም ሻምፒዮኑ ፍራሹ ከእኔ ፍራሽ ጎን የነበረ የወሎ ልጅ ነው። ልስን ሠራተኛ ነው፤ እንደ አብዛኞቻችን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። እህቱ ነርስነት ተምራ እስክትመረቅ ሁለት ዓመት ብቻ ሳልያዝ ልቆይ ይል ነበር። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ተራ በተራ ያነጥፈናል። እኔን ደግሞ ማሸነፉ አይበቃው፣ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ "አይዞህ ወንድሜ" ይለኛል። ሲያናድድ!

አሮጌው ጌም ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የልጆች ነበር። ሰውዬውን ከመሰላል ላይ ትወረውረዋለህ፣ ምንም እንዳልሆነ ብድግ ይላል። ጣቱ የፈጠነ ሁሉ ያሸንፋል። በፈረንጆቹ 2015 አዲሱን ከሐራጅ ገበያ ይዤ ስገባ የምሆነውን አጣሁ። እዚህኛው ላይ ታጋዩ ይደክመዋል፣ ያለከልካል፤ ትንፋሹን ካልቆጠብክለት አይታዘዝህም። ክንዱን ከተጠመዘዘ እስከ መጨረሻው ክንዱን አቅፎ ነው የሚታገለው። የቀን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው አልኩ።

ሻምፒዮኑ በአዲሱ አንድ ጨዋታ እንኳ ማሸነፍ አቃተው። ይንቀረፈፋል፣ አሮጌው ይሻላል እያለ ይከራከራል። እኛማ አልማርነውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ ስተርበው ከረምኩ።

በአራተኛው ዓርብ ክርክሩ ኸላስ ይበቃል ብዬ አሮጌውን ሲዲ ከፍራሼ ሥር አወጣሁ። ራሴን አሞኛል አለ። ያላ፣ ያላ ብለን አስቀመጥነው። በዚያ በልጆቹ ጌም፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተዘረረ። ያኔ ነው ስክሪኑን ትቼ እጁን ያየሁት። የቀኝ እጁ አንጓ አብጧል፣ አውራ ጣቱ አይታጠፍም። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስደግፎ በግራ እጁ ብቻ ነበር ሲጫወት የከረመው።

አዲሱን ጌም ከማምጣቴ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ከመወጣጫ ወድቆ ኖሯል። ሹመይሲ ሆስፒታል እንዳይሄድ ኢቃማ ይጠይቁኛል ብሎ ፈራ፤ ለአሠሪው እንዳይናገር መባረሩን ፈራ። በጨርቅ ጠምጥሞ ሲለስን ሰነበተ።

ሌሎቹ ወጥተው ሁለታችን ስንቀር፣ "ምነው አሮጌውን ባላወጣኸው" አለኝ። "ጌሙ ነው፣ ጌሙ ነው እያልኩ ራሴንም አታልል ነበር።"

ሆስፒታል እንሂድ፣ እኔ አብሬህ እገባለሁ ብዬ ለመንኩት። ኢንሻአላህ አለና በሳምንቱ ራሱ ተርሂል፣ ወረቀት የሌለውን ይዘው ወደ አገሩ የሚመልሱበት ቦታ፣ ሄዶ አገሬ መልሱኝ አላቸው። እህቱ አንድ ዓመት ተኩል ይቀራት ነበር።

አዲሱ ጌም ይሻላል፤ ዛሬም አልክድም። ያኔ "ተመልከት፣ ክንዱን ሲያመው እንዴት እንደሚያቅፈው!" እያልኩ ደጋግሜ አሳይ ነበር። የማሳየው ደግሞ ለእሱ ነበር።